ቅበረኝና ሂድ

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሰዓት የሚያስፈልገኝ ዘመን ባለቀ ማግስት ሰዓት መሸለሜ አሳቀኝ። ንግግር ያደረገው ወጣት የክፍል ኃላፊ ከመጣ ገና መንፈቅ አልሞላውም። ከወረቀት እያነበበ ስሜ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ መሆኔን ሊያረጋግጥ ይመስለኛል። ለስላሳ ጠጣን፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። አልተቀየምኩም። ብቻ ሰዓቱን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ስማዳ ውስጥ ያየሁት ሽኝት ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ፤ ያንን የሚያህል ሽኝት ግን አላየሁም።

ሥራ የጀመርኩት በንጉሡ ጊዜ፣ ወደ ማብቂያው ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ደብረ ታቦር ላይ ሥራ ፈትቼ ስዞር የፈንጣጣ ከታቢ ይፈለጋል ተባለ። አጭር ሥልጠና ሰጡንና ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን እንድንዞር ላኩን። ደሞዙ አንዳንድ ወር ይረሳን ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይብቃ።

አለቃችን ባሻ ይመር በጦሩ ውስጥ በድሬሰርነት አገልግለው ያረጁ ሰው ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መንደር ሲደርሱ ዘው ብለው አይገቡም። አውድማ ካለ አውድማው ዳር፣ ከሌለ ዛፍ ሥር ከበቅሏቸው ወርደው ይቀመጣሉ። አንድ ሰው መጥቶ “ምን ሆናችሁ ነው እዚህ የተቀመጣችሁ?” ብሎ እስኪጠይቅ አይነሡም። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጠያቂው ሲመጣም ስለ ፈንጣጣ አያነሡም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቱ ጤና ይጠይቃሉ። ጠላ ከቀረበ ይጠጣሉ። ሰው አይቆጥሩም፤ ባላገር ልጆቹ ሲቆጠሩበት ሟርት ይመስለዋል። እኔ ወጣት ነበርኩና ትዕግሥቴ ቶሎ ያልቅ ነበር። “ባሻ፣ መሸ እኮ፤ ሥራ አልጀመርንም” ስላቸው፣ “ጀምረናል እንጂ። መርፌ መውጋት ምን ሥራ አለው? ሥራው ሰውዬው ክንዱን እስኪገልጥ ነው” ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው፤ መውጋቱ ጊዜ አይወስድም። መርፌው ጫፉ እንደ መንሽ ሁለት ጣት አለው። ክትባቱ ደረቅ ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ይመጣል፤ አብሮት በሚመጣው ውሃ ይበጠበጥና መርፌው ይነከርበታል። በሁለቱ ጣቶች መካከል የምትቀረው ጠብታ ለአንድ ሰው ትበቃለች። ክንዱን በግራ እጅ ከሥር ወጠር አድርጎ ይዞ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። ደም እንደ ላብ ብቅ ካላለ አልገባም፤ ከፈሰሰ ደግሞ እጅ ከብዷል። ከሳምንት በኋላ ተመልሰን እናያለን። ቦታው ውሃ ከቋጠረ “ይዟል” እንላለን፤ ካልቋጠረ እንደገና ነው። ብልቃጡን ከሙቀት ለመጠበቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን በቅል ውስጥ እንይዘዋለን። እሱም የባሻ ዘዴ ነው።

ታሮ የመጣው ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው። ጃፓናዊ ነው፤ በፈቃዱ ሊያገለግል የመጣ። የጋይንት ሰው ፈረንጅ ሁሉ ነጭ ይመስለው ስለነበር ምን ብሎ እንደሚጠራው ቸግሮት ከረመ። አርብ ገበያ ላይ አንዲት ጌሾ ሻጭ ዐይታው ዐይታው “የየት አገር ሐበሻ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። ቋንቋውን ቶሎ ያዘ፤ አንተና አንቱን ግን ለረጅም ጊዜ እያምታታ በቅሎዋን “ይነሡ እንጂ” እያለ ይለምናት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ እጅ መንሳት። ሽማግሌ ሲያይ ከወገቡ እጥፍ ይላል። ሽማግሌው አጸፋውን ይመልሳል፤ ታሮ ይደግማል፤ ሽማግሌውም እንዳይበለጥ ይደግማል። ባሻ በቅሏቸው ላይ ሆነው “ዛሬ ከዚህ አንነሣም” ይላሉ።

በገበያ ቀን ታሮ በፈንጣጣ የተያዘ ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድ ይዞ በስማዳዋ ከተማ በወገዳ መግቢያ ላይ ይቆምና “እንዲህ ያለ ፊት የት አያችሁ?” ብሎ እያንዳንዱን መንገደኛ ይጠይቃል። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው በዚያ ስለሚያልፍ የበሽታውን ዱካ የምናገኘው እንዲያ ነበር። ወሬ በተገኘበት ሁሉ ሁለታችን አብረን እንወርዳለን።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ። ከወገዳ ወደ ቆላው በሚያወርደው ገደል አፋፍ ላይ አንዲት መንደር አለች። ሰዎቿ ዛሬም ስላሉ ስሟን አልጠራም። እዚያ አያ ፈንታ የሚባሉ አራሽ ነበሩ፤ መንደሩ ነገር ሲጠፋው የሚሰበሰበው እሳቸው ደጅ ነው። ባለቤታቸው እቴ ዘነቡ ይባላሉ። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ይርጋ፤ ሚስት ታጭታለት ጥርን የሚጠብቅ። የሄድን ቀን ይርጋ ቆላ ወርዶ ማሽላ ይጠብቃል። አያ ፈንታ መንደሩን ሁሉ ጠርተው አስከተቡ፣ ባለቤታቸውንም አስከተቡ፤ ተራው ሲደርሳቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። “እኔ ከልጄ ጋር ነው የምወጋ። ነገ ስትወርዱ እኔም አብሬ እወርዳለሁ” አሉ።

በዚያው ቀን ማታ ከእስቴ በኩል መልእክተኛ ደረሰ። በአንድ ገበያ ዙሪያ ፈንጣጣ ገብቶ ብዙ ሰው ተኝቷል፤ ባሻ ቶሎ ኑ ብለዋል። ቆላው ውስጥ ገና የታመመ አልተሰማም። ስለዚህ ወደ እስቴ ሄድን። ውሳኔው ዛሬም ቢሆን ትክክል ይመስለኛል። ስንመለስ ግን በሽታው ከሌላ ወገን ወደ ቆላው ገብቶ ኖሮ ይርጋ በማሳ ጎጆ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ቀድሞ ፈንጣጣ የወጣላት አንዲት ባልቴት ታስታምመዋለች፤ ሌላ ሰው አይቀርብም። ታሮ ገብቶ አየውና ወጣ።  በሽታው ከያዘ በኋላ መርፌው እንደማይሠራ ሁለታችንም እናውቃለን። ይርጋ እሑድ አረፈ፤ የቀበሩትም ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ቆላው በድንጋይ ተቀበለን። “እነሱ ሲመጡ ነው ሰው የሚሞት” ተባለ። ባሻ እንኳ አውድማ ዳር ተቀምጠው የሚጠይቃቸው ሰው አጡ። በይርጋ ተዝካር ቀን ታሮ “እሄዳለሁ” አለኝ። እንዳይሄድ ብለምነውም ሄደ። ዳስ ውስጥ ገብቶ እጅ ነሥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ ሰው ሲሄድ እሱ አልሄደም። ሲመሽ ውሃ ቀዳ፣ እንጨት አቀበለ፣ አመድ ጠረገ። አያ ፈንታ ከል የገባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲመለከቱት ቆዩና ሽማግሌ አስጠሩ።

በእኛ አገር የጡት ልጅ ማድረግ የሚባል ሥርዓት አለ። አባት የሚሆነው ሰው በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ያስነካና ለልጁ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ የሥጋ ልጅ ነው፤ ያ ቤት ቤቱ ነው፣ የዚያ ቤት ሐዘን ሐዘኑ ነው፣ አባቱ ሲሞት ቆሞ የሚቀብርና ተዝካር የሚያወጣው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ለታሮ ቃል በቃል ተርጉሜለት “አዎ” አለ። ጨዋ ሰው ስለሆነ ነው አዎ ያለ ብዬ ጠረጠርኩ። አያ ፈንታ ግን ለሽማግሌዎቹ ምክንያታቸውን አልደበቁም። “እኔ ልጅ ቀብሬ አይቻለሁ። ሌላ አባት እንዲያይ አልሻም። ከዛሬ ጀምሮ እሱን በድንጋይ የመታ የፈንታን ልጅ ነው የመታ።”

ድንጋዩ ቆመ። ቆላውን ከላይ እስከ ታች ከተብነው። ራሳቸው አያ ፈንታ ግን ክንዳቸውን አልሰጡም። በሄድን ቁጥር ታሮ መርፌውን ያወጣል፣ እሳቸውም “ከልጄ ጋር ብያለሁ” ይላሉ። ልጁ የለም፤ ቃሉ ግን አለ። ባሻ “ተዉት፤ ራሱ ይገልጠዋል” አሉን፤ እኔ ግን ፈንጣጣው ከአካባቢው ገና ስላልጠፋ ሰውዬው የሚጠብቁት ሞታቸውን መሰለኝ።

የታሮ የአገልግሎት ዘመን ሲያልቅ ባሻ ከወገዳ በቀጥታ ወደ እስቴ እንድንሄድ መከሩን። “ወደ ሽማግሌው ከወረዳችሁ አይለቋችሁም” አሉ። ታሮ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸውና “አባቴን ሳልሰናበት?” አለ። ባሻ ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ሂዱ ማለት እንደሆነ ስለማውቅ በቅሎዎቹን ጫንኩ።

አያ ፈንታ ነገሩን ሲሰሙ ከመደባቸው ተነሥተው በሬዎቻቸውን ለማየት ወጡ። ሲመለሱም የተናገሩት ለእኔ ነው።

“ንገረው። ልጅ አባቱን ቀብሮ ነው የሚሄድ።”

“አያ፣ ዘመኑ አልቋል። መንግሥቱም ይጠራዋል” አልኩ።

“እኔ መንግሥቱን አላጠባሁም።”

ታሮ ነገሩ ገብቶታል፤ መተርጎም አላስፈለገኝም። መሬቱን እያየ ተቀመጠ።  ያን ጊዜ እቴ ዘነቡ ከጓዳ ሆነው ጠየቁት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዳችንም ያልጠየቅነውን።

“ልጄ፣ የወለደችህ አለች ወይ?”

“አለች” አለ ታሮ።

“ሌላ ወንድ ልጅ አላት?”

“የላትም። እኔ ብቻ ነኝ።”

እቴ ዘነቡ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ከጓዳ ወጡ። ባላቸውን አላዩም፤ የሚያዩት ታሮን ነው። “እንግዲያማ የሰው ልጅ ይዘን ነው የከረምን። እሷም እንደኔ በር በሩን ስታይ ይሆናላ” አሉ።

አያ ፈንታ ከዘራቸውን አንሥተው አስቀመጡ፣ እንደገና አነሡ። በመጨረሻም “እንዲያ ከሆነ ቅበረኝና ሂድ” አሉት።

ታሮ ደነገጠና ወደ እኔ ዞረ። የቁም ተዝካር ማለታቸው ነው። ልጅ የሌለው፣ ወይም ልጁን የማያምን ሰው፣ ተዝካሩን በሕይወቱ ሳለ ያወጣል። ዳስ ይጣላል፣ ካህናት ይጠራሉ፣ ሰው ይበላል ይጠጣል፣ ባለተዝካሩም ራሱ ተቀምጦ ያያል። ሲሞት የሚቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነው። ይህንን ስነግረው ታሮ አሰብ አደረገና “እናንተ በአርባኛው ቀን ነው። በእኛ አገር በአርባ ዘጠነኛው ነው” አለ። አያ ፈንታ ሲነገራቸው፣ “ምነው፣ እናንተ ዘንድ ነፍስ መንገድ ላይ ትዘገያለች?” ብለው ጠየቁ። በዚያ ቀን የሳቅነው ይህን ብቻ ነው።

እኔ ተዝካር ብዙ በልቻለሁ፤ ሟቹ ጠላ እየቀዳ “ጠጡልኝ እንጂ” ያለኝ ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው። ታሮ እንደ ልጅ ዳሱ በር ላይ ቆመ። ለሚገባው ሁሉ ከወገቡ እጥፍ እያለ እጅ ይነሣል፣ ያስታጥባል፣ ያስቀምጣል። ከቆላ በድንጋይ ያባረሩን ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ነበር። ካህናቱ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ አያ ፈንታ መደባቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አዳመጡ፤ ሥራው በደንብ መሠራቱን እንደሚመረምር ሰው። መንደሩም ቀልዱን አልተወም። “ፈንታ፣ ለሟቹ አንድ ዋንጫ ጨምርለት” ይሏቸዋል፤ እሳቸውም “ሟቹ ጠግቧል” ይላሉ። ሲያልቅ ታሮን ጠርተው ግንባሩን ሳሙት። “ግዴታህን ጨርሰሃል” አሉት።

በማግስቱ ጠዋት እስከ ወንዙ ሸኙን። ሸኚ ተሸኚው ወንዝ ሳይሻገር አይመለስም። ዳርቻው ላይ ታሮ ቅሉን ከኮርቻው ፈታ፣ ብልቃጡን አወጣ፣ መርፌውን ይዞ ተንበረከከ። “አባቴ፣ ክንድዎን ይስጡኝ። ሌላ አልለምንም” አለ። አነጋገሩ ያለ ስሕተት ነበር፤ መንገድ ለመንገድ ሲለማመደው ሰምቼዋለሁ።

አያ ፈንታ እጁን በእጃቸው ሸፈኑት። “ቃሌን ለይርጋ ነው የሰጠሁ። ለሞተ ሰው የሰጡትን ቃል ማን ይመልሰዋል? አንተ ሂድ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። ከእናትህ ደጅ ያድርስህ” ብለው እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት። ተሻገርን። ማዶ ሆነን ስንዞር ከል የገባው ጋቢ ዳርቻው ላይ ቆሞ ነበር። ታሮ ካለበት እጅ ነሣ። እሳቸውም ነሡ። ማን መጨረሻ እንደነሣ አላውቅም፤ እኔ በቅሎዋን ይዤ ወደፊት ተራመድኩ።

እስቴ መካነ ኢየሱስ አንድ እስላም ነጋዴ ቤት አደርን። ባለቤቱ ከዚህ ቀደም ልጆቹን ከትበንለት ነበርና ፍራሹን ለታሮ ለቀቀለት።  ደብረ ታቦር ስንደርስ ቀድመውን የገቡት ባሻ ከሁሉ አስቀድመው የመንግሥት ንብረት ጠየቁ፤ ሰው እየተሰናበተ ንብረት ይጠየቃል ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ። ታሮ ቅሉን፣ ካርዱንና የመርፌውን ቆርቆሮ አስረከበ። አንዲት መርፌ ትጎድላለች። ጠዋት ከኪሱ አውጥቶ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች መርፌ “ይህቺ የአባቴ ናት” ብሎ ለእኔ ሰጥቶኛል። ባሻ ቆርቆሮውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ክዳኑን ዘጉት። “ሙሉ ነው” አሉ። ከዚያም እግራቸውን ገጥመው ለታሮ የወታደር ሰላምታ ሰጡት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሱ በመስኮት እጅ እየነሣ ሄደ።

ወደ ስማዳ የተመለስኩት ሁለት በቅሎ ይዤ ብቻዬን ነው። አንድ ሰው ሁለት ባለ ኮርቻ በቅሎ ሲጎትት ያየ መንገደኛ ሁሉ “ያኛው የት ቀረ?” ይላል። “አገሩ ገባ” እላለሁ። ሌላ ቦታ ሆኖ ቢሆን መልሱ አጭር ነው፤ የታሮን ስም የሚያውቀው የስማዳ ሰው ግን ቁጭ ብሎ እንድነግረው ያስገድደኛል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባሻ ሰው ላኩብኝ። በቴሌግራም ወሬ መጥቷል፤ ታሮ በደኅና ገብቷል፣ ከእናቱ ቤት ነው። በዚያው ቀን ወደ አያ ፈንታ ወረድኩ። አውድማቸው ላይ ገብስ ሲያበራዩ አገኘኋቸውና እንደ ባሻ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። ሲያዩኝ በሬዎቹን አቆሙ። ምን ሆንክ ብለው አልጠየቁኝም።

“ገባ?” አሉ።

“ገብቷል።”

“ከእናቱ ቤት?”

“ከእናቱ ቤት።”

እቴ ዘነቡ ከሰፌዱ ቀና ብለው እልል ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ተዉትና እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። “እሰይ፣ እሷ እንኳ አገኘች” አሉ። አያ ፈንታ መንሹን ክምሩ ላይ ሰክተው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ስለ በቅሎዋ ጠየቁኝ። ከዚያ ያንን በከል የጠቆረ ጋቢ ከግራ ትከሻቸው ላይ አወረዱ።

“ከልጄ ጋር ነው የምወጋ ብዬ ነበር” አሉ። “ልጄ ቤቱ ገብቷል። በል እንግዲህ።”

“ተዝካርህ ወጥቶ የለም ወይ፣ አንተ ሰውዬ? ለሞተ ሰው ምን ክትባት ያሻዋል?” አሉ እቴ ዘነቡ። 

“ዝም በይ፤ ከተዝካሬ ጠላ የተረፈ አለ፤ እሱን ሳልጠጣ የት እሄዳለሁ።”

ታሮ የሰጠኝን ጨርቅ ፈትቼ መርፌዋን አወጣሁና ክትባቱ ውስጥ ነከርኳት። ክንዳቸው የአራሽ ክንድ ነው፣ ቆዳው ጠንካራ፤ ከሥር ወጠር አድርጌ ያዝኩት። ደሙ እንደ ላብ ብቅ አለ። ባሻ ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር ብዬ አሰብኩ።

ከሳምንት በኋላ ተመልሼ አየሁት። ይዟል።